ዘይቱ ሲበላሽ ሴላችን ምን ይደርስበታል?

የጁቤ ገበያ ላይ ቅቤ የምትገዛ እናት ገንዘቧን ከመቁጠሯ በፊት ቅቤውን በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ታሸታለች። ለጋ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ በሳል ነው ብላ የምትፈርደውም፣ ዋጋ የምትቆርጠውም በአፍንጫዋ ነው። ሱቅ ገብታ ዘይት ስትገዛ ግን ይህን ማድረግ አትችልም፤ ጠርሙሱ ታሽጓል፣ መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው መክረሙንም የሚነግራት የለም። ቤት ወስዳ ስትከፍተው «ይሄ ዘይት ጎምዝዟል» ብትልም በውድ የተገዛ ነገር አይጣልምና ሽንኩርትና በርበሬ ጨምራ ሽታውን ትሸፍነዋለች።

እኛ ዕጩ መምህራን ደግሞ ባዮሎጂ ስንማር የሴል ሽፋን የተሠራው ከቅባት ነው ብለን በየደብተራችን ጽፈናል፤ ሥዕሉንም ለፈተና ሸምድደናል። ይሁን እንጂ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቅባትና በሴላችን ሽፋን ውስጥ ያለው ቅባት ወንድማማቾች መሆናቸውን፣ አንዱን የሚያበላሸው ነገር ሌላውንም እንደሚያበላሸው ልብ ያልን ብዙ አልነበርንም። ይህን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን ያቀረብነው ሁለቱን ለማገናኘት ነው። ነገ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ገጠር ወርደን ስናስተምር «ዘይት ለምን ይሸታል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። «ስለ ቆየ ነው» ብሎ ማለፍ መልስ አይደለም፤ እሱንማ ተማሪውም ያውቀዋል።

በቅድሚያ ቅባት ምን እንደ ሆነ እንይ። የዘይትም ሆነ የቅቤ ዋና አካል ፋቲ አሲድ የሚባለው ነው። ይኸውም ረዥም የካርቦን ሰንሰለት ሲሆን በየካርቦኑ ላይ ሃይድሮጂን ተንጠልጥሎበታል። ካርቦኖቹ ሊይዙ የሚችሉትን ሃይድሮጂን ሁሉ ከያዙ ሰንሰለቱ ሃይድሮጂን የጠገበ ነው፤ ቀጥ ያለም ስለ ሆነ እንደ ተላገ እንጨት ተደራርቦ ይቀመጣል፣ ይረጋልም። አብዛኛው የቅቤ ቅባት እንዲህ ያለ ነው። ከመካከል ሃይድሮጂን የጎደለ እንደ ሆነ ግን ሁለቱ ካርቦኖች በድርብ ትስስር ይያያዛሉ፤ ሰንሰለቱም እዚያ ላይ ይጎብጣል። ጎባጣ እንጨት ጥብቅ ብሎ እንደማይደረደር ሁሉ ይህም አይረጋም፤ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ዘይት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

የአገራችን ኑግ በዚህ በኩል የታወቀ ነው። የትውልድ ቦታው ኢትዮጵያ ነው፤ ጎጃምም ከዋነኞቹ አብቃዮች አንዱ ነው። ከኑግ ዘይት ውስጥ ከመቶ 70 የሚበልጠው ሊኖሌይክ አሲድ ሲሆን ይህ ሁለት ድርብ ትስስር አለው። ተልባ ደግሞ ከዚህም ያልፋል፤ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ ሦስት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። ሁለቱንም ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው አይችልም፤ የግድ ከምግብ መምጣት አለባቸው። ጆርጅና ሚልድሬድ በር የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1929 ቅባት የተከለከሉ አይጦች ቆዳቸው ሲያብጥና ሲፈረፈር፣ እድገታቸውም ሲገታ አይተው ለዓለም ያሳወቁት ይህንን ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ቅቤ ሳይቀምስ የሚሰነብተው የአገራችን ሕዝብ እነዚህን ቅባቶች የሚያገኘው ከኑጉና ከተልባው ነው ማለት ይቻላል።

ጣጣው የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል የሚገኘው ካርቦን ሃይድሮጂኖቹን የያዘው ላላ አድርጎ ነው። ብርሃን፣ ሙቀት ወይም የብረት ብናኝ ሲያግዝ አንዱ ሃይድሮጂን ይነጠቃል። የተነጠቀው ሞሊኪውል ጓደኛ የሌለው ነጠላ ኤሌክትሮን ይዞ ይቀራል፤ ፍሪ ራዲካል የሚባለው ይህ ነው። ወዲያውኑም ከአየር ኦክሲጅን ይይዛል። ኦክሲጅን ከያዘ በኋላ የጎደለውን ሃይድሮጂን ከጎረቤቱ ቀምቶ ይሞላል። የተቀማው ጎረቤት በተራው ቀማኛ ይሆናል፤ እሱም ኦክሲጅን ይይዛል፣ ከሚቀጥለው ይቀማል። በበጋ በአንድ ክብሪት የተነሣ ቋያ ከሣር ወደ ሣር እየተዛመተ ጋራውን እንደሚያዳርሰው ማለት ነው። ቋያው የሚቆመው ሁለት ቀማኞች ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ሲያያዙ፣ ወይም ሃይድሮጂኑን ወዶ የሚሰጥ ሌላ ነገር መካከላቸው ሲገባ ነው። በዚህ በመጨረሻው ላይ ኋላ እንመለስበታለን።

የፍጥነቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ካለው ኦሌይክ አሲድ ጋር ሲወዳደር ሊኖሌይክ ከአሥር እጥፍ በላይ ፈጥኖ ኦክሲጅን ይይዛል፤ ሊኖሌኒክ ደግሞ የሊኖሌይክን እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። የተልባ ዘይት ለቀለም ሥራ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። በተልባ ዘይት የተበጠበጠ ቀለም በር ላይ ሲቀባ የሚደርቀው ውሃ ከውስጡ ተንኖ አይደለም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክሲጅን እየያዘ ሞሊኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚተሳሰሩ ነው። እንግዲህ ለአናጢው የሚጠቅመው ጠባይ ለወጥ ቤት ጠንቅ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ኦክሲጅን የያዘው ቅባት ሃይድሮፐርኦክሳይድ ይባላል፤ እሱ ራሱ ሽታ የለውም። ሽታው የሚመጣው ሃይድሮፐርኦክሳይዱ ተሰባብሮ አልዲሃይድ የሚባሉ አጫጭር ቁራጮች ሲወጡ ነው። ስለዚህ አፍንጫ «ተበላሽቷል» ብሎ በሚመሰክርበት ጊዜ ብልሽቱ ከጀመረ ሰንብቷል። ዘይት አይሸትም ማለት አልተነካም ማለት አይደለም።

የቅቤስ ሽታ? ይሄ ሌላ ነው፤ ባንቀላቅለው ይሻላል። ቅቤ ውስጥ ውሃና ከወተቱ የተረፈ ነገር አለ፤ በዚያ የሚኖሩ ኢንዛይሞችና ረቂቅ ሕዋሳት አጫጭር ፋቲ አሲዶችን ከቅባቱ ቆርጠው ይለቃሉ። የበሳል ቅቤ ሽታ በአመዛኙ ከእነዚህ፣ በተለይም ቢዩትሪክ አሲድ ከሚባለው የሚመጣ ነው። ቅቤ ብዙ ድርብ ትስስር ያላቸው ቅባቶች በጣም ጥቂት ስለ ሆኑበት ቋያው እንደ ልቡ የሚነድበት ሣር የለውም። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ውሃውን ያስወጣሉ፤ አሩን ያጠሉታል፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽና እርድ ይጨምሩበታል። ውሃው ሲወጣ ቆራጮቹ ኢንዛይሞች ሥራ ያጣሉ፤ በቅመሞቹ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ነገሮች ደግሞ ሃይድሮጂናቸውን ለቀማኛው እየሰጡ ቋያውን ያበርዱታል። ለመዓዛ ብቻ የሚመስለን ሁሉ ለመዓዛ ብቻ አይደለም።

አሁን ከድስቱ ወደ ሴሉ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1925 ሆርተርና ግሬንደል የተባሉ ሁለት የሆላንድ ሰዎች ከቀይ የደም ሴሎች ቅባቱን አውጥተው ውሃ ላይ ቢዘረጉት የሴሎቹን የላይ ስፋት ሁለት እጥፍ ሸፍኖ ተገኘ። ከዚህም በመነሣት የሴል ሽፋን ባለ ሁለት ንጣፍ ቅባት ነው አሉ። በ1972 ሲንገርና ኒኮልሰን ይህን አስፍተው በቅባቱ ውስጥ ፕሮቲኖች እየተንሳፈፉ እንደሚኖሩ የሚያሳየውን፣ ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ የምናየውን ሥዕል አወጡ። የሽፋኑ ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ለሁለት መቶ ሺህ ቢከፈል የአንዱን ድርሻ ያህል ነው። እያንዳንዱ የሽፋን ቅባት ውሃ የሚወድ ራስና ውሃ የሚሸሹ ሁለት ጭራዎች አሉት፤ ራሶቹ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ ጭራዎቹ መካከል ላይ ይገናኛሉ። ከሁለቱ ጭራዎች አንዱ ብዙውን ጊዜ ድርብ ትስስር ያለው ነው። ሽፋኑ እንደ ገበያ ሕዝብ እየተገፋፋ፣ ቦታ እየተለዋወጠ ለስላሳ ሆኖ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ሴሉ ለስላሳነቱን የገዛው ግን ለቀማኛው የሚመች ላላ ሃይድሮጂን ታቅፎ ነው።

በሽፋኑ ውስጥ ቋያው ሲነሣ ምን ይሆናል? ኦክሲጅን የያዘው ጭራ ጠባዩ ይለወጣል፤ ውሃ ይሸሽ የነበረው አሁን ወደ ውሃ ይሳባል። ስለዚህ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ራሱ አቅጣጫ ይታጠፋል። የሄደበት ቦታ ክፍት ይሆናል፣ የጎረቤቶቹም አሰላለፍ ይፈርሳል፣ ሽፋኑም ይሳሳል። ጭራው ተሰብሮ ሲያጥር ደግሞ ይብሳል። ጥቂት ሲሆን ሴሉ ይችለዋል፤ ሲበዛ ግን ማለፍ የማይገባው ውሃና ጨው ሾልኮ ማለፍ ይጀምራል። ከሁሉ የሚከፋው የካልሲየም መግባት ነው። ሴል በውስጡ ያለውን ነጻ ካልሲየም ከውጭው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ዝቅ አድርጎ ነው የሚኖረው። ሾልኮ ሲገባ ቅባትና ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ያለ ጊዜያቸው ይቀሰቅሳል፤ ሴሉ በራሱ ቢላዋ ራሱን መቁረጥ ይጀምራል።

የኢንዛይሞቹ ነገር በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአካባቢያቸው መበላሸት ነው። ለምሳሌ ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 ያገኘውን የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ እንውሰድ። ይህ ኢንዛይም በሽፋኑ ውስጥ ተተክሎ ሦስት ሶዲየም እያወጣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፤ ነርቫችን መልእክት የሚያስተላልፈው፣ ኩላሊታችን ጨው የሚመልሰው በእርሱ ነው። በሚሠራበት ጊዜ ቅርጹን እያገላበጠ ስለሆነ ዙሪያውን የከበበው ቅባት ተስማሚ ሊሆንለት ይገባል። ቅባቱ ሲበላሽ ፓምፑ ይዘገያል። በሚቶኮንድሪያም እንዲሁ ነው፤ ካርዲዮሊፒን የሚባለው ልዩ ቅባት ኦክሲጅን ሲይዝ በእርሱ ላይ ተደግፎ የሚሠራው ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ይደክማል፤ ሴሉም ጉልበት ያጣል።

ሁለተኛው መንገድ በቀጥታ መጠቃት ነው። ከተሰበሩት ጭራዎች የሚወጡት አልዲሃይዶች፣ በተለይ ማሎንዳይአልዲሃይድና ሃይድሮክሲኖኔናል የሚባሉት፣ እንደ ፍሪ ራዲካል እዚያው ተወልደው እዚያው የሚሞቱ አይደሉም፤ ከተወለዱበት ሽፋን ርቀው ሊጓዙ ይችላሉ። ኢንዛይም ሲያገኙም ሲስቴይን በሚባለው አሚኖ አሲድ ድኝ ላይ፣ እንዲሁም በሂስቲዲንና በላይሲን ላይ ይጣበቃሉ። የተጣበቁበት ቦታ ኢንዛይሙ የሚሠራበት ቦታ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው ቆመ ማለት ነው። ማሎንዳይአልዲሃይድ ደግሞ በሁለት በኩል መያዝ ስለሚችል ሁለት ፕሮቲኖችን አንድ ላይ ያስራል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በላቦራቶሪ በጠርሙስ የተቀመጠውን እንቁራሪት እናስታውስ። ፎርማሊን እንቁራሪቱን ሳይበሰብስ የሚያቆየው ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ስለሚያስራቸውና ስለሚያደርቃቸው ነው። ፎርማሊንም ከአልዲሃይዶቹ ቤተ ዘመድ ነው። በሰውነታችን ያለው መጠን በጣም ያነሰ ቢሆንም የሥራው ዓይነት አንድ ነው።

በዚህ አኳኋን ከታየ ሰው እስከ ዛሬ እንዴት ኖረ ያሰኛል። የኖረው ጠባቂዎች ስላሉት ነው። የመጀመሪያው ኢቫንስና ቢሾፕ የተባሉት እ.ኤ.አ. በ1922 ያገኙት ቫይታሚን ኢ ነው። በሽፋኑ ቅባት ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና ቀማኛ ሲመጣ የራሱን ሃይድሮጂን ይሰጠዋል፤ እሱ ራሱ ግን ሰክኖ ስለሚቀር ከሌላ አይቀማም። ቫይታሚን ሲ ደግሞ የሰጠውን ሃይድሮጂን መልሶ ይተካለታል። ኑግ እግዜር ይስጠው፣ ሊበላሽ የሚችል ቅባት ብቻ ሳይሆን ጠባቂውን ቫይታሚን ኢ ጭምር ይዞ ነው የሚመጣው። ፍሬው ሳይሰበር ለዓመት የሚቀመጠው፣ ሲጨመቅ ግን ቶሎ የሚበላሸው በፍሬው ውስጥ ቅባቱ ከአየርና ከብርሃን ተሸሽጎ ስለሚኖር ነው።

ሁለተኛው ጠባቂ ራሱ ኢንዛይም ነው። ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ይባላል፤ ጎርደን ሚልስ በ1957 በቀይ የደም ሴል ውስጥ አገኘው። ፐርኦክሳይዱን ይዞ ወደማይጎዳ አልኮል ይለውጠዋል። ከዚህ ቤተሰብ አራተኛ የሚባለው ሽፋኑ ውስጥ ያለውን የተበላሸ ቅባት እዚያው ተተክሎ ሳለ ያክመዋል። በ2012 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በብረትና በቅባት ኦክሲዴሽን የሚመጣውን የሴል አሟሟት ፌሮፕቶሲስ ብለው ሰይመውታል፤ ይህን አሟሟት ከሚያግዱት ዋነኛው ይኸው አራተኛው ኢንዛይም መሆኑም በኋላ ተረጋግጧል። ነገር ግን ይህ ኢንዛይም ባዶ እጁን አይሠራም። በሚሠራበት ቦታ ላይ አንድ የሰሌኒየም አቶም ያስፈልገዋል፤ ይህም በ1973 ታወቀ። ሰሌኒየም ከአፈር ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ሰው ይሄዳል እንጂ ሌላ መንገድ ብዙም የለውም።

ጉዳዩ ወደ እኛ ደጅ የሚመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከመላው ኢትዮጵያ ከ3000 በላይ ሰዎች የተሰጠ ደም ተመርምሮ በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ከሦስት ሰው አንዱን የሚያክል ሰሌኒየም ያነሰው ሆኖ ተገኝቷል። ከሁሉ ዝቅ ያለው ከጎጃም በስተምዕራብ በሚገኘው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነበር፤ በአማራ ክልልም እጥረቱ ሰፊ ቦታ ይዟል። የሁለት ሰዎች ጤፍ ሲታይ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ በአፈሩ ምክንያት የአንዱ ሰሌኒየም የሌላውን እጅግ ሊበልጥ ይችላል። የሰሌኒየም ማነስ ሲጠና ምን እንደሚያደርስ ቻይናውያን ኬሻን በተባለው ቦታ የልብ ጡንቻ ሲጎዳባቸው አይተውታል፤ በሌላ አገር ያሉ ከብት አርቢዎችም ጥጃና ግልገል ጡንቻው ነጥቶ መቆም ሲያቅተው ያውቁታል። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ሆነ ለማለት አይደለም። ነገር ግን ቅባቱ ቶሎ የሚነድ፣ የቋያ አጥፊው ኢንዛይም ደግሞ መሣሪያው የጎደለው ሰው ሁለቱን በአንድ ላይ መሸከሙ ሊታሰብበት ይገባል ነው የምንለው። በፊንላንድ በ1984 መንግሥት በማዳበሪያ ውስጥ ሰሌኒየም እንዲጨመር አድርጎ የሕዝቡን የሰሌኒየም መጠን ከፍ ማድረግ ችሏል። ስለዚህ የማይቻል ነገር አይደለም።

የጠባቂ ኢንዛይም ጉድለት ምን እንደሚያደርግ በግልጽ የሚታየው በቀይ የደም ሴል ነው። ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም ከልደት ያነሳቸው ሰዎች አሉ፤ በእኛ ደጋ ብዙ የተለመደ አይደለም። ይህ ኢንዛይም ግሉታታዮን የሚታደስበትን ስንቅ የሚያቀርብ ነው። ስንቁ በሌለበት እንዲህ ያለ ሰው የባቄላ እሸት ቢበላ፣ ወይም በዓባይ በረሃ የያዘው ወባ እንዳያገረሽበት ፕሪማኪን ቢውጥ፣ የሴሎቹ ሽፋንና በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ሊጎዳና ሴሎቹ ሊፈነዱ ይችላሉ፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ባቄላውም መድኃኒቱም ለሌላው ሰው ደህና ናቸው።

ወደ ወጥ ቤት እንመለስ። የተበላሸ ዘይት የበላ ሰው ያንኑ ዘይት በሴሉ ሽፋን ላይ ይለጥፋል ማለት አይደለም፤ ይህን ማጋነን ለተማሪ ማስተማር አይገባም። ከሃይድሮፐርኦክሳይዱ አብዛኛው በጨጓራና በአንጀት ግድግዳ ይመክናል። አልዲሃይዶቹ ግን በከፊል ይገባሉ። እጅግ የተቃጠለ ዘይት ለረዥም ጊዜ የተመገቡ የላቦራቶሪ አይጦች ጉበታቸው ሲያድግና ቫይታሚን ኢያቸው ሲያልቅ ታይቷል። እንግዲህ አንድ ቀን የተበላ ሳምቡሳ ሰው አይገድልም፤ ነገሩ የዘወትር ልማድ ሲሆን ነው።

የወጥ አሠራራችን በዚህ በኩል የሚመሰገን ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ ከሽንኩርቱ የሚወጣው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። በመንገድ ዳር ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ የሚጠበስበት ዘይት ግን ከ160 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ አየር እያገኘ ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ማታ ይቀመጥና በማግሥቱ አዲስ ይጨመርበታል። ብዙ ሰው አዲሱ አሮጌውን ያድሰዋል ይላል። አያድሰውም፤ በአሮጌው ውስጥ የተጠራቀመው ፐርኦክሳይድ አዲሱንም ቶሎ ያያይዘዋል። ዘይቱ ሲጠቁር፣ ሲወፍርና አረፋው አልጠፋ ሲል ሞሊኪውሎቹ እንደዚያ እንደ በሩ ቀለም መተሳሰር ጀምረዋል ማለት ነው። የኑግ ዘይት በተለይ ለእንዲህ ያለ ጥብስ አይመቸውም፤ በጥሬው ወይም ለወጥ ቢውል ይሻላል።

እግረ መንገዳችንን፣ ከውጭ ስለሚመጣው ስለ ረጊው የፓልም ዘይትም ብዙ ይወራል። የሚረጋው ግማሽ ያህሉ ሃይድሮጂን የጠገበ ስለ ሆነ ነው፤ በዚህም ምክንያት በጥብስ ጊዜ ከኑግ ይልቅ ኦክሲዴሽንን ይቋቋማል። ለደም ኮሌስትሮል ግን አይደገፍም። አንዱ ዘይት በሁሉ በኩል ደህና፣ ሌላው በሁሉ በኩል መጥፎ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስና በቡሬ ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል፤ የአካባቢያችን ሰው ዘይት ከጠርሙስ መግዛት የዘወትር ነገር እየሆነበት ነውና ይህን ልዩነት ማወቁ ይጠቅመዋል። በጥቁር ወይም ባለ ቀለም ዕቃ፣ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከምድጃና ከመስኮት አርቆ ማስቀመጥ፣ በትንሽ በትንሹ መግዛት፣ የተፈጨ ተልባ ሳያሳድሩ መጠጣት ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው። የዛገ ቆርቆሮ ግን ለዘይት አይሆንም፤ ብረቱ ራሱ ክብሪት ነው።

በመጨረሻም ለትምህርት ማሳያ የሚሆኑ፣ ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ሊሠሩ የሚችሉ ሙከራዎችን እናቅርብ። ሦስት ትናንሽ ብልቃጦች ውስጥ እኩል የኑግ ዘይት ይቀዳ። አንደኛው ካርቶን ውስጥ፣ ሁለተኛው ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት ላይ፣ ሦስተኛው እዚያው መስኮት ላይ የዛገ ምስማር ገብቶበት ይቀመጥ። ተማሪዎች በየሳምንቱ እያሸተቱ በደብተራቸው ይመዝግቡ፤ መቅመስ ግን የለባቸውም። የተልባ ዘይት ከተገኘ ጥቂት ጠብታ መስተዋት ላይ በስሱ ተቀብቶ ከሰነበተ ጣት የማይዘው ቆዳ ሲሆን ያዩታል።

ለሽፋኑ ደግሞ ቀይ ሥር ይበቃል። እኩል የተቆረጡ ቁራጮች በደንብ ታጥበው አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ አንዱ በጣም የሞቀ ውሃ ውስጥ፣ አንዱ አረቄ ውስጥ ይግባ። በቀዝቃዛው ውስጥ ቀለሙ እምብዛም አይወጣም፤ በሁለቱ ግን ፈሳሹ ይቀላል። እዚህ ሽፋኑን የጎዳው ሙቀትና አልኮል እንጂ ኦክሲዴሽን አለመሆኑን መምህሩ መናገር አለበት፤ የሚታየው ሽፋኑ ሲላላ ውስጥ ያለው እንደሚፈስ ነው። ለኢንዛይሙ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የቁስል ማጠቢያ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በጥሬ ድንች ላይ ጠብ ሲደረግ አረፋ ያወጣል፤ ተቀቅሎ በቀዘቀዘ ድንች ላይ ግን አያወጣም። ያ ካታሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። እሱ የቅባት ፐርኦክሳይድን አይነካም፤ ሥራው ግን ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ በሽፋናችን ላይ ከሚሠራው ጋር ይቀራረባል። ድንቹን ከቆራረጡ በኋላ ብዙ ሳይቆይ መሞከር ያስፈልጋል፤ ጠርሙሱም ከተከፈተ የሰነበተ ከሆነ ጉልበቱ ስለሚያልቅ አረፋው ደካማ ይሆናል።